ራጁ የምን ራጅ እንደሆነ ማን ይንገረው?

በጀርመን፣ አኸን ከተማ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2002 ማንም የማይጠራጠረውን አንድ ነገር ፈተሹ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዘመን አቆጣጠር ራሱ ወደ ኋላ ላይ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል።) እያንዳንዱ የሕክምና ምስል አብሮት የሚጓዝ የጽሑፍ መግለጫ አለው፦ የታካሚው ስም፣ የካርድ ቁጥሩ፣ ምስሉ የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የተነሳው የአካል ክፍል። ተመራማሪዎቹ ይህን የመጨረሻውን መስመር ከምስሉ ጋር አስተያዩት። ከ15 በመቶ በሚበልጡት ምስሎች ላይ መስመሩ የተጻፈው በስህተት ነበር።

ስህተቱ የስንፍና እንዳይመስላችሁ። ራጅ የሚያነሳው ባለሙያ ያንን መስመር ብዙውን ጊዜ በእጁ አይጽፈውም፤ በማሽኑ ላይ አንድ ፕሮግራም ሲመርጥ በራሱ ይሞላል። አሁን አንድ ባለሙያ ለክርን የተዘጋጀው ፕሮግራም ለከሳ ሕፃን ጉልበት የተሻለ ምስል እንደሚሰጥ በልምድ አውቋል እንበል። የክርኑን ይመርጣል። ምስሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ሕፃኑም ሳያስፈልገው ተጨማሪ ጨረር አይቀበልም፣ ሐኪሙም ጉልበት መሆኑን በዓይኑ ያያል። ሁሉም ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ኮምፒውተሩ ግን «ክርን» ብሎ መዝግቦታል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ «የዚህን ልጅ የቀድሞ የጉልበት ራጅ አምጣ» ሲባል የለም ይላል።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታሎች ምስልን ከሌላው የታካሚ መረጃ ጋር በገመድ ማገናኘት ከቻሉ ቆይተዋል። የሚቸግረው የተገናኙት ሁለት ሲስተሞች ስለ ምን እንደሚያወሩ እንዲያውቁ ማድረግ ነው።

ሁለት ቤት ያደጉ ሲስተሞች

በሆስፒታል ውስጥ የምስሉ ዓለምና የመዝገቡ ዓለም ለየብቻ ነው ያደጉት። በምስሉ በኩል፣ በ1983 የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅና የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር አንድ ኮሚቴ አቋቋሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ እያንዳንዱ የሲቲ ስካን አምራች ምስሉን የሚያስቀምጠው ራሱ ብቻ በሚያውቀው መንገድ ስለነበር የአንዱን ምስል በሌላው ማየት አይቻልም። በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ደረጃ ባለ 50 እግር መሰኪያ ሳይቀር የሚደነግግ፣ አንድን ማሽን ከአንድ ማሽን ጋር በገመድ የሚያያይዝ ነበር። በ1993 በቦታው በኔትወርክ የሚሠራው ዳይኮም ተተካ። ዛሬ የትም አገር የሚነሳ ሲቲ፣ ኤምአርአይ ወይም ዲጂታል ራጅ በዳይኮም ነው የሚቀመጠው። አንድ የሲቲ ገጽ በተለምዶ 512 በ512 ነጥቦች አሉት፣ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ይመዝናል፤ አንድ የደረት ምርመራ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ሊኖሩት ይችላል። የምስሉ ሰዎች ዋና ጭንቀት ይህን ሸክም ሳይበላሽ ማጓጓዝ ነበር።

የመዝገቡ ሰዎች ጭንቀት ሌላ ነው። ታካሚው ገብቷል ወይስ ወጥቷል? የትኛው አልጋ ላይ ነው? ሂሳቡን ማን ይከፍላል? በ1987 የተጀመረው ኤችኤል ሰቨን ለዚህ ዓይነቱ አጭር አጭር መልእክት የተሠራ ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ በ1998 የሰሜን አሜሪካ ራዲዮሎጂ ማኅበርና ሂምስ የተባለው የጤና መረጃ ባለሙያዎች ማኅበር አይኤችኢ የሚባለውን ጥረት ጀመሩ። አዲስ ደረጃ አላወጡም፤ ያሉት ሁለቱ በምን ቅደም ተከተል መነጋገር እንዳለባቸው ነው የጻፉት። ሐኪሙ ያዛል፤ ማዘዣው አንድ መለያ ቁጥር ያገኛል፤ የታካሚው ስምና ቁጥሩ በሲቲው ማሽን የሥራ ዝርዝር ላይ ይወጣል፤ ባለሙያው ከዝርዝሩ ይመርጣል እንጂ አይጽፍም፤ ቁጥሩ ከምስሉ ጋር ተጣብቆ ይመለሳል። ራሱን ስቶ ያለ መታወቂያ የመጣ የአደጋ ሰው እንኳ ታስቦበታል፤ በጊዜያዊ ስም ይነሳና ማንነቱ ሲታወቅ ምስሎቹ ወደ እውነተኛው መዝገብ ይዛወራሉ።

ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው፣ አላቃልለውም። ኔትወርክ በተቋረጠበት ቀን በእጅ የተጻፈ ስም ባለቤት አጥቶ በሰርቨር ላይ ሲንከራተት ያየ ሰው ዋጋውን ያውቃል። ግን መለያ ቁጥሩ የሚለው «ይህ ምስል የዚያ ማዘዣ ነው» ብቻ ነው። ማዘዣው ስለ ምን እንደሆነ አይልም። አንዱ ሆስፒታል «ሲቲ ሆድ ከኮንትራስት ጋር» የሚለውን ሌላው «ሲቲ ሆድ ሲ+» ይለዋል፤ ሦስተኛው «4417» የሚል የሂሳብ ኮድ ብቻ ነው ያለው። የሰሜን አሜሪካው ማኅበርና ኢንዲያናፖሊስ የሚገኘው የሬገንስትሪፍ ተቋም በ2017 በጋራ ያወጡት ዝርዝር ይህን ለማቃናት የተሞከረበት ነው። ምርመራውን በስሙ ከመጥራት ይልቅ ይበልተዋል፦ በምን መሣሪያ? የትኛው የአካል ክፍል? ቀኝ ወይስ ግራ? ኮንትራስት (ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ የሚሰጠው መድኃኒት) አለው ወይ? ከተሰጠስ ከመሰጠቱ በፊት፣ በኋላ ወይስ በሁለቱም ጊዜ? ስሙ ምንም ይሁን፣ ሁለት ምርመራዎች በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተመሳሳይ መልስ ካላቸው አንድ ናቸው።

ጣት ሲቆረጥ

የዕውቀት ሞዴል፣ ወይም ባለሙያዎቹ እንደሚሉት ኦንቶሎጂ፣ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የቃላት ዝርዝር አይደለም። አንድ ነገር ከሌላው ጋር ያለው ዝምድና ምን እንደሆነ ኮምፒውተር ሊከተለው በሚችል መንገድ የተጻፈበት ነው። የጭን አጥንት አንገት የጭን አጥንት ክፍል ነው። የሳንባ ምች የሳንባ በሽታ ዓይነት ነው። «ክፍል ነው» እና «ዓይነት ነው» የተለያዩ ዝምድናዎች ናቸው፤ ሁለቱን ማምታታት ደግሞ ጠንቅ አለው።

ጠንቁን በአንድ ምሳሌ እናየዋለን። የጭን አጥንት አንገት ከተሰበረ የጭን አጥንት ተሰብሯል ማለት ነው። ይህ ለማንም ግልጽ ነው፤ «የጭን አጥንት ስብራት ያለባቸውን ታካሚዎች ሁሉ አውጣ» ብንል አንገቱ የተሰበረባቸውም መውጣት አለባቸው። ስለዚህ ሕግ እናወጣለን፦ የአንድ ክፍል ችግር የሙሉው ችግር ነው። አሁን ይህንኑ ሕግ ይዘን ወደ እጅ እንሂድ። ጣት የእጅ ክፍል ነው። አንድ ሰው ጣቱ በቀዶ ሕክምና ተቆረጠ። በሕጋችን መሠረት እጁ ተቆርጧል። ኮምፒውተሩ ሳያቅማማ እንዲህ ይላል፣ ስህተቱም የእሱ አይደለም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች ያመጡት መፍትሔ ለጀማሪ እንግዳ ይመስላል፦ እያንዳንዱን አካል ሦስት ጊዜ መዝግቡት። አንዱ «ሙሉው እጅ» ነው። ሌላው «የእጅ ማንኛውም ክፍል» ነው። ሦስተኛው ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ፣ «ሙሉ እጅ ወይም ከእጅ የሆነ ማንኛውም ነገር» የሚል ነው። ስብራት ከሦስተኛው ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ከክፍል ወደ ሙሉ ይወጣል። መቆረጥ ግን ከመጀመሪያው ጋር ነው የሚያያዘው፤ ስለዚህ ጣት ላይ ይቆማል። ዛሬ በዓለም ትልቁ የሕክምና ቃላት ሞዴል የሆነው፣ ከ350 ሺህ በላይ ጽንሰ ሐሳቦች ያሉት ስኖሜድ ሲቲ፣ በውስጡ ይህን አካሄድ ይዞ ነው የተሠራው። «እጅ» ብለው ቢፈልጉ «የእጅ መዋቅር» እና «ሙሉ እጅ» ለየብቻ ሆነው ያገኟቸዋል። ምክንያቱን ያልተነገረው ሰው ድግግሞሽ ነው ብሎ አንዱን ይሰርዘዋል።

ለራዲዮሎጂ ይህ የፍልስፍና ጨዋታ አይደለም። ጉበትን እንውሰድ። ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ክሎድ ኩይኖ በ1957 ጉበትን በደም ሥሮቹ አካሄድ ስምንት ክፍል አድርጎ ከፈለው፤ ራዲዮሎጂስቶች እስከ ዛሬ በዚያ ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ሪፖርቱ «በ7ኛው ክፍል 2 ሴንቲሜትር የሆነ እብጠት ታይቷል» ይላል እንጂ «ጉበት» የሚለውን ቃል ላይጠቅስ ይችላል። የጉበት ሐኪሙ «ጉበት ላይ እብጠት ያላቸውን ታካሚዎቼን አሳየኝ» ሲል ቃል በቃል የሚፈልግ ሲስተም ይህን ታካሚ ያልፈዋል። 7ኛ ክፍል የጉበት ክፍል መሆኑን የሚያውቅ ሲስተም ግን ያመጣዋል። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በኮርኔሊየስ ሮስ መሪነት የተሠራው የሰውነት አካላት ሞዴል ይህን ዓይነቱን ዝምድና ለመላው አካል ለመጻፍ የተነሳ ነው፤ ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ የአካል ክፍሎችን ይዟል። አንድ የደም ሥር ከየትኛው እንደሚገነጠል፣ የትኛው ነርቭ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳይቀር። ብዙው ለዕለት ሥራ አያስፈልግም፣ እውነት ነው። ግን የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

የኩላሊት ውጤቱ የት ገባ?

አሁን ከምስሉ ክፍል ወደ ላብራቶሪ እንሻገር። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ አንድ የ62 ዓመት አባት የሆድ ሲቲ ከኮንትራስት ጋር ታዞላቸዋል። ኮንትራስቱ በኩላሊት በኩል ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ኩላሊታቸው እንዴት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ መመሪያ እንደሚለው፣ የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ30 በታች ከሆነ ወይም ኩላሊቱ በድንገት ተጎድቶ ከሆነ መድኃኒቱ ለጊዜው መቆም አለበት። መልሶቹ ሁሉ ሆስፒታሉ ውስጥ አሉ። ክሬቲኒን የተባለው የኩላሊት ምርመራ ውጤት ላብራቶሪው ጋ፣ የመድኃኒቱ ዝርዝር ፋርማሲው ጋ፣ ማዘዣው ራዲዮሎጂ ጋ።

ሲስተሙ እነዚህን ያገናኝ ብንል ምን ምን ማወቅ አለበት? ሎይንክ የተባለው የላብራቶሪ ኮድ በደም ውስጥ ያለ ክሬቲኒንን 2160-0 ይለዋል። በሽንት ውስጥ ያለውን 2161-8 ይለዋል። (ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ኮዱ ሲጻፍ ስህተት እንዳይገባ የሚቆጣጠር ነው፤ ትርጉም የለውም።) በዓይን ሲታዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ለታካሚው ግን አንዱ ለሌላው አይተካም። ከዚያ መለኪያው አለ። አንዱ ላብራቶሪ 1.1 ሚሊግራም በዴሲሊተር ሲል ሌላው 97 ማይክሮሞል በሊትር ይላል፤ ውጤቱ አንድ ነው፣ በ88.4 ተባዝቶ እንጂ። ለሁለተኛው መለኪያ ሎይንክ የተለየ ኮድ ነው የሰጠው። አንዱን ኮድ ብቻ እንዲፈልግ የተጻፈ ፕሮግራም ሌላውን አያየውም። ፋርማሲው ጋ ደግሞ «ሜትፎርሚን» የሚል ላይገኝ ይችላል፤ ያለው «ግሉኮፋጅ» የሚለው የንግድ ስሙ ነው፣ ወይም ሜትፎርሚን ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለበት ክኒን። «ይህ ክኒን ያንን ንጥረ ነገር ይዟል» የሚል ዝምድና የተጻፈለት ሲስተም ብቻ ነው የሚይዘው።

እዚህ ላይ የሚያስፈራኝ ጉልህ ስህተት አይደለም። ክሬቲኒን 97 ሚሊግራም ነው የሚል ውጤት ቢመጣ የሚስቅበት እንጂ የሚያምነው አይኖርም። የሚያስፈራው ማያ ገጹ ላይ በትሕትና የሚወጣው «ውጤት የለም» የሚል ጽሑፍ ነው። ውጤቱ አለ፤ ከሌላ ላብራቶሪ «ክሬ-2» በሚል የቤት ውስጥ ስም ስለመጣ ነው ያልታየው። ሰውየው እንደገና ደም ይሰጣሉ፣ ሲቲው ለነገ ይዛወራል፣ ከሩቅ የመጡ ከሆነ ማደሪያ ይፈልጋሉ። ወይም ተረኛው ቸኩሎ «ካልተመዘገበ ችግር የለም ማለት ነው» ብሎ ያልፋል።

መስከረም 20 ቀን 2010

እስካሁን ያልነው የየትም አገር ነው። የሚከተለው ግን የእኛ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ትጠይቃለች፦ «እናቴ፣ ልጁ መቼ ነው የተወለደው?» እናትየው ትመልሳለች፦ «መስከረም 20፣ 2010 ነው እህቴ።» ልጅቷም እንደተነገራት ትጽፋለች። ዳይኮም የልደት ቀንን የሚቀበለው በስምንት አሃዝ ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፦ 20100120። ሲስተሙ በደስታ ይቀበላል፤ ትክክለኛ ቀን ነውና። ለእሱ ግን ጥር 20 ቀን 2010 በአውሮፓውያን ነው።

ልጁ በእውነት የተወለደው በአውሮፓውያኑ መስከረም 30 ቀን 2017 ነው። በመጋቢት 2025 እድገቱ ዘግይቷል ተብሎ የግራ እጁ ራጅ ይነሳል እንበል። የአጥንት ዕድሜ የሚነበበው እንዲህ ነው፦ ሲወለድ የእጅ አንጓ ስምንቱ ትንንሽ አጥንቶች ገና ስላልጠነከሩ በራጅ አይታዩም፤ ከዚያ በየዕድሜያቸው አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ሐኪሙ ምስሉን በ1959 ከታተመው ከግሮይሊክና ፓይል የምስል መጽሐፍ ጋር ያስተያያል፣ ውጤቱን ደግሞ ከልጁ እውነተኛ ዕድሜ ጋር። ልጁ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው፤ አጥንቱም የሰባት ዓመት ልጅ አጥንት ነው። ጤነኛ ነው። ማያ ገጹ ግን 15 ዓመት ይላል። እዚያው ክፍል ያለ ሐኪም ልጁን ቀና ብሎ ሲያየው ይስቃል። ምስሉን በሌላ ከተማ ሆኖ በኢንተርኔት የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ግን ልጁን አያየውም፤ የሚጽፈው «ከፍተኛ የአጥንት እድገት መዘግየት» ነው።

ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደውስ? ለዳይኮም 13ኛ ወር የለም። ሲስተሙ አልቀበልም ሲል ጸሐፊዋ ወይ ነሐሴ ወይ መስከረም አድርጋ ትገላገላለች። ጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ የሲቲ ማሽን አያውቅም። መፍትሔው ሰዉን በፈረንጅ ቀን እንዲናገር ማስገደድ አይመስለኝም። ቀኑ ከነአቆጣጠሩ ይመዝገብ፤ መለወጡን ሲስተሙ ይሥራው፤ እናትየው የተናገረችውም እንዳለ ይቀመጥ። ይህም የዕውቀት ሞዴል ነው፦ ቀን ማለት ሦስት ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሦስት ቁጥርና አንድ አቆጣጠር ነው።

ስምም እንዲሁ ነው። ዳይኮም መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስ ስም ይጠብቃል። የቤተሰብ ስም የለንም። ሰላማዊት ዓለሙ አዲስ አበባ ውስጥ በሰላማዊት ትፈለጋለች፤ ዋሽንግተን ዲሲ ስትታከም «ዓለሙ» የሚለው የቤተሰቧ ስም ሆኖ ይመዘገባል፤ ያ ግን የአባቷ የግል ስም ነው፣ ልጆቿም አይወርሱትም። የድሮ ምስሏን በሲዲ ይዛ ብትሄድ ሁለቱ ሰዎች አንድ መሆናቸውን የሚያውቀው እሷ ብቻ ናት።

«አልታየም» የሚለው ቃል

ሪፖርቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ችግሩ ከሌሎቹ ይልቅ የታወቀ ነውና። «የሳንባ ካንሰር ምልክት አልታየም» የሚል ሪፖርት ውስጥ «የሳንባ ካንሰር» የሚል ቃል አለ፤ ቃል ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም ጤነኛውን ከሕሙማን ጋር ይደምረዋል። በ2001 ፒትስበርግ ላይ የተሠራው ኔግኤክስ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ውስጥ እንዲህ ያለውን አሉታ ለመለየት የተጻፈ ነው፤ ቀላል ነው፣ እስከ ዛሬም ይጠቀሙበታል። የሚከብደው የሪፖርቱ መጨረሻ መስመር ነው። ለሌላ ሕመም በተነሳ ሲቲ ላይ 7 ሚሊሜትር የሆነች ጠጣር ነጥብ በሳንባ ላይ ትታያለች። የፍላይሽነር ማኅበር የ2017 መመሪያ ለዚህ መጠን ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሲቲ እንዲደገም ይላል። ራዲዮሎጂስቱ ይጽፈዋል። ያዘዘው ሐኪም ግን የጠየቀው ስለ ትርፍ አንጀት ነበር፤ መልሱን አገኘና ታካሚውን አሰናበተ።

ግኝቱ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በሞዴል ከተመዘገበ፣ ማለትም ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚታይ ለየብቻ ከተቀመጠ፣ የሆስፒታሉ ሲስተም ቀጠሮውን ራሱ መቁጠር ይችላል። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ፕሮግራም ውስጥ የተወለደው ኤአይኤም የተባለው የምስል ማብራሪያ ሞዴል ይህን ነው የሚሠራው። ከ2014 ጀምሮ የመጣው ፋየር የተባለው አዲሱ የኤችኤል ሰቨን ደረጃም ምስሉን ራሱን ሳይሸከም ወዳለበት የሚጠቁም መዝገብ አለው፤ ማዘዣው፣ ምስሉና ሪፖርቱ እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ።

አሁን አሁን «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሪፖርቱን እንዳለ አንብቦ ይረዳ የለ? ይህ ሁሉ ኮድ ለምን?» የሚል ጥያቄ እሰማለሁ። ያነባል፣ አንዳንዴም በሚያስደንቅ ሁኔታ። ግን አንብቦ የደረሰበትን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አለበት፤ ያስቀመጠው ትክክል መሆኑን የሚፈትሽበት ነገርም ያስፈልጋል። 7ኛ ክፍል የጉበት ነው ወይስ የሳንባ (ሳንባም 7ኛ ክፍል አለው!) የሚለውን ባሻው ጊዜ ባሻው መንገድ የሚመልስ ማሽን ላይ ቀጠሮ አይመሠረትም።

ሞዴሉን መሥራት የአዋቂዎች ሥራ ነው፣ ተሠርቷልም። ሎይንክም፣ የሰሜን አሜሪካው ራዲዮሎጂ ማኅበር የቃላት ሞዴል ራድሌክስም በነፃ ይገኛሉ። ሆስፒታሉ ውስጥ የሚቀረው ከሞዴሉ ጋር ማዛመድ ነው፦ በግራ በኩል የቤቱ ስም፣ በቀኝ በኩል የሞዴሉ ኮድ ያለበት አሰልቺ ሰንጠረዥ። ይህን ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው አንድ ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ሠሪው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ከዚያ አዲስ የሲቲ ማሽን ይገዛል። ማሽኑ የራሱን የምርመራ ስሞች በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የገጠመው መሐንዲስ ምስል ማውጣቱንና ወደ ሰርቨሩ መድረሱን ፈትሾ ያስረክባል። አዲሶቹ ስሞች በሰንጠረዡ ላይ የሉም። ምስሎቹ ግን መምጣታቸውን አያቆሙም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሌላ» በሚለው ሥር ይገባሉ። ስለዚህ ማሽን ሲገዛ በውሉ ላይ ከዋስትናውና ከመለዋወጫው ቀጥሎ አንድ መስመር ቢጨመር ደስ ይለኛል፦ የምርመራ ስሞቹን ዝርዝር አቅራቢው ከርክክብ በፊት በጽሑፍ ይስጥ፣ ሰንጠረዡን የሚሞላው ሠራተኛም በስሙ ተለይቶ ይመደብ።